ለኪስ የምትሆን ሽጉጥ

ሰናይት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ የነዳጅ ማደያ ሱቅ አላት፤ የምትዘጋው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ታናሽ ወንድሟ ዳዊት ኡበር ይነዳል፤ ስለ ሽጉጥ የሚያውቀውን ሁሉ ከቪዲዮ ስለተማረ ከአፉ ቁጥር አይጠፋም። ጋሽ ተስፋዬ በደርግ ዘመን የጦር መኮንን ነበሩ። አሜሪካ ከገቡ በኋላ ብዙ ዓመት በጥበቃ ሥራ ቆይተው፣ ጡረታ ሲወጡ የሽጉጥ አያያዝና ተኩስ ወደ ማስተማር ዞሩ። ሦስቱ የተነጋገሩት በሱቁ ጓዳ፣ በለስላሳ መጠጥ ካርቶኖች መሀል ተቀምጠው ነው።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ ሽጉጥ ልገዛ ነው። ሰው የማያውቅብኝ፣ ትንሽዬ ነገር። መደብር ገብቼ ሻጩ አንዷን አሳየኝ፤ መዳፌ ላይ ሳደርጋት የያዝኩም አልመሰለኝ። ሩገር ኤል ሲ ፒ ትባላለች። «ለሴት የምትሆነው ይቺ ናት» አለኝ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ተኩሰሽባታል?

ሰናይት፦ ኧረ የት? መደብር ውስጥ ነው ያየኋት።

ጋሽ ተስፋዬ፦ እንግዲያው ያወቅሽው ክብደቷን ነው፤ ሽጉጧን ገና አላወቅሻትም።

ዳዊት፦ ጨዋታው እኮ ክብደቷ ላይ ነው፣ ጋሼ! 270 ግራም ገደማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣች ጀምሮ የኪስ ሽጉጥ ሲባል መጀመሪያ ስሟ የሚነሳው እሷ ናት። ካዝናዋ 6 ይይዛል፤ አንድ አጉርሰህ ስትጨምር 7 ጥይት አለህ። ዋጋዋም አይጎዳም።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ቁጥሩ ልክ ነው። እኔ እታጠቀው የነበረው ማካሮቭ ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል፤ ሲመሽ ወገብ ይቆርጣል። ያ ሁሉ ብረት ግን በከንቱ አልተጫነም። ጥይቱ ወደ ፊት ሲወጣ የዚያኑ ያህል ግፊት ወደ ኋላ ይመጣል፤ ይህንን የሚውጠው የሽጉጡ ክብደት ነው። ብረቱን ስትቀንሺው ግፊቱ የት ይሄዳል? መዳፍሽና አንጓሽ ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ትንሿ ከትልቁ ይልቅ ትራገጣለች።

ሰናይት፦ እኔ ደግሞ ትንሽ ስለሆነች ለኔ ትቀላለች ብዬ ነበር።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ለመያዝ ትቀላለች፤ ለመተኮስ ትከብዳለች። ብዙ ሻጮች እዚህ ላይ ያጠፋሉ። ሴት ስትገባ ከመስታወቱ ሥር ያለችውን ትንሿን አንስተው ይሰጧታል፤ ቀለሟ ሮዝ ከሆነማ ገበያው አለቀ ማለት ነው። ተኩስ ቀምሶ የማያውቅ ሰው በዚች ሲጀምር፣ ጥቂት ጥይት እንደተኮሰ ከመተኮሱ በፊት ዓይኑን መጨፈን ይለምዳል። ከዚያ ወዲያ ሽጉጧ መሳቢያ ውስጥ ትቀራለች። የባሰው ደግሞ ሳይለማመድባት ይዟት የሚዞረው ነው።

ዳዊት፦ ኧረ ጋሼ፣ ከ3 ሜትር ማን ይስታል?

ጋሽ ተስፋዬ፦ አንተ ትስታለህ። እጀታዋ ላይ ሁለት ጣትህ ገብቶ ትንሿ ጣትህ አየር ላይ ትቀራለች። አፈሙዟ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያዋ ስለሚቀራረብ እጅህ ለዓይን በማይታይ ያህል ዘንበል ቢል ጥይቱ ወዲያ ማዶ ይሄዳል። ቃታዋ ረጅም ጉዞ አለው፤ ኪስ ውስጥ እንዳትባርቅ ተብሎ ነው። ግን ጣትህ ቃታውን ሲስብ ያቺ ቀላል ሽጉጥ አብራ ትሳባለች። በተኩስ መለማመጃ፣ በመብራት፣ ማንም ሳያስቸኩላቸው ከ5 ሜትር ላይ ወረቀቱን የሚስቱ ጎረምሶች አስተምሬያለሁ። አንተ ደግሞ ሌሊት፣ ልብህ እየደለቀ፣ ከሰውየው ኋላ የማን ልጅ እንደቆመ ሳታውቅ ነው የምትተኩሰው።

ሰናይት፦ ታዲያ ይህን ሁሉ እያወቁ ለምን ይሠሯታል?

ጋሽ ተስፋዬ፦ ሰው ስለሚይዛት ነዋ። በሷም አልፍርድባት። ትልቁን ገዝቶ ቤት ጥሎት የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። የቨርጂኒያን ሐምሌ ታውቂዋለሽ፤ ከቲሸርት በላይ የሚለበስበት ወር አይደለም። ያኔ አብራ የምትወጣው ኪስ የምትገባዋ ብቻ ናት። ፍላጎቱም የዛሬ አይደለም። ፊላደልፊያ ውስጥ ሄንሪ ዴሪንጀር የሚባል ሰው በ19ኛው መቶ ዘመን ለኪስ የሚሆኑ አጫጭር ሽጉጦች ይሠራ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1865 ፕሬዚዳንት ሊንከን የተገደሉት በእንደዚያ ዓይነቷ ነው። ከዚያ ጆን ብራውኒንግ መጣና እ.ኤ.አ. በ1908 ዛሬ .380 የሚባለውን አጭር ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይት አበጀ። በወረራው ዘመን የጣሊያን መኮንኖች አገራችን ይዘውት የገቡት ቤሬታ 1934 የሚጎርሰው ይህንኑ ነው። ሻጩ ያሳየሽ ኤል ሲ ፒም እሱኑ ነው የምትጎርሰው።

ዳዊት፦ እሱ ላይ እንስማማለን ጋሼ። .380 ደካማ ነው፣ ዋናው 9 ሚሊ ሜትር ይሻላል ይላሉ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ማነው የሚለው? ቪዲዮው? «ደካማ» ማለት በጥይት የተመታ ሰው አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ሳራዬቮ ላይ እ.ኤ.አ. በ1914 የኦስትሪያው አልጋ ወራሽ የተገደለው በዚሁ ጥይት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 ማያሚ ውስጥ ከባድ የተኩስ ልውውጥ ተደርጎ ሁለት የኤፍ ቢ አይ ባልደረቦች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ኤፍ ቢ አይ የጥይት መለኪያ አወጣ፦ ጥይቱ የሰውን ሥጋ በሚመስል ጄል ውስጥ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ዘልቆ መግባት አለበት። .380 ከአጭር አፈሙዝ ሲተኮስ እዚህ ላይ ይቸገራል። ጫፉ የሚከፈተውን ዓይነት ካደረግሽው ብዙ ጊዜ ሳይዘልቅ ይቆማል፤ የማይከፈተውን ካደረግሽው ይዘልቃል ግን ቁስሉ ጠባብ ነው። ዋናው 9 ሚሊ ሜትር ሁለቱንም አንድ ላይ ማድረግ ይችላል። ደግሞ ጥይቱ ይረክሳል፤ ይህ ደግሞ ከጄሉ ሁሉ ይበልጣል፣ ብዙ ልምምድ ማለት ነውና።

ሰናይት፦ ስለዚህ 9 ሚሊ ሜትር ልግዛ?

ጋሽ ተስፋዬ፦ ቆይ። 9 ሚሊ ሜትር በጣም ትንሽ ሽጉጥ ውስጥ ሲገባ የበለጠ ይራገጣል። ልኩን ማግኘት ነው ችግሩ። ይህን ገበያ የለወጠችው እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣችው ሲግ ፒ 365 ናት። ግማሽ ኪሎ ገደማ ትመዝናለች፤ ያም ሆኖ 10 ጥይት በካዝናዋ፣ አንድ ደግሞ ጎርሳ ትይዛለች። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ብዛት የሚገኘው ወገብ ላይ በሚታጠቁት ወፍራም ሽጉጦች ነበር። እሷ ስትሸጥ ሌሎቹ ፋብሪካዎች ሁሉ ተከተሏት፤ ሩገርም እ.ኤ.አ. በ2021 ለኤል ሲ ፒ 10 ጥይት የሚይዝ አዲስ ዓይነት አወጣ። ግሎክ 43 አለች፣ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሺልድ አለች። በዚህ መሀል ካሉት አንዷ ለእጅሽ ትስማማሻለች። የትኛዋ እንደሆነች ግን እኔ ልነግርሽ አልችልም፤ እጅሽ ነው የሚነግርሽ።

ዳዊት፦ ሪቮልቨርስ? ለጀማሪ ሪቮልቨር ይሻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። የሚጨናነቅ ነገር የለው፣ ማቀባበል የለው። 5 ጥይት ሞልተህ ኪስህ መክተት ነው።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ስለ ማቀባበሉ ያልከው እውነት ነው። የላይኛውን ብረት ወደ ኋላ ስቦ ማቀባበል ለደከመ እጅ፣ አንጓ ለሚያመው ሰው ጭንቅ ነው፤ ትንንሾቹ ደግሞ ስፕሪንጋቸው ጠንካራ ነው። ለእናታችሁ ቢሆን ኖሮ ሪቮልቨርን አስብ ነበር። ወይም ለማቀባበል እንዲቀል ተብላ የተሠራችውን ሺልድ ኢዜድን። ሪቮልቨር ሌላም ጥሩ ነገር አለው፤ የተደበቀ መዶሻ ያለው ዓይነት ኪስ ውስጥ እንዳለ እንኳ ይተኩሳል። ግን ቃታው ከ5 ኪሎ በላይ ነው የሚከብደው። በዚያ ቃታ ከ7 ሜትር ላይ ተኩሶ ዒላማ የሚመታ ሰው ብዙ የለፋ ሰው ነው። ሰዉ ለጀማሪ ይላታል፤ እኔ ትንሿን ሪቮልቨር ለጀማሪ አልሰጥም።

ሰናይት፦ እሺ፣ አንዷን መረጥኩ እንበል። እንዴት ነው የምይዛት? የሴት ሱሪ ኪስ እኮ ሊፕስቲክም አይገባበት።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ሻጩ ይህን አልጠየቀሽም አይደል? ኪስ ያለው ሰው ቢሆን እንኳ ራቁቷን አይከታትም። ኪስ ውስጥ የምትገባ ሽጉጥ ቃታዋን አጥብቆ የሚሸፍን ማህደር ያስፈልጋታል፤ ማህደሩ ሽጉጧን ስትስቢ ኪስ ውስጥ የሚቀር መሆን አለበት። በዚያ ኪስ ውስጥ ሌላ ነገር አይገባም፤ ቁልፍ የለ፣ ሳንቲም የለ፣ እስክሪብቶ የለ። ቁልፍ ቃታ ውስጥ ገብቶ ጭኑን የመታ ሰው ታሪክ በዚህ አገር አዲስ አይደለም። ከዚያም ኪስ ብናኝ ይሰበስባል፤ በየሳምንቱ አራግፎ ማየት ግድ ነው።

ዳዊት፦ መኪና ውስጥስ? እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው።

ጋሽ ተስፋዬ፦ እስቲ አሁን እዚያ ካርቶን ላይ እንደተቀመጥህ፣ ቀበቶ አድርገሃል ብለህ፣ ከፊት ኪስህ ስልክህን አውጣ። አየህ? ተነስተህ ካልቆምክ አይወጣም። ለሹፌር የፊት ኪስ ዋጋ የለውም። ለነገሩ አንተን ኡበርም ሊፍትም ከነሽጉጥህ እንድትነዳ አይፈቅዱም፤ ከተገኘብህ መተግበሪያው ይዘጋብሃል፣ እንጀራህ ነው። የአንተ ጉዳይ እዚህ ላይ አለቀ።

ሰናይት፦ የኔስ ጉዳይ? ቦርሳዬ ውስጥ ላድርጋት?

ጋሽ ተስፋዬ፦ ሌባ መጀመሪያ የሚነጥቀው ምንድን ነው? ቦርሳሽን አይደለም? ሽጉጥሽን አብረሽ አስረከብሽው ማለት ነው። ሌላም አለ። ልጅ አለሽ። እ.ኤ.አ. በ2014 መጨረሻ ላይ አይዳሆ ውስጥ አንዲት እናት ገበያ ቆማ ሳለ፣ የ2 ዓመት ልጇ ከቦርሳዋ ሽጉጡን አውጥቶ ተኩሶባት ሞተች። ቦርሳው ለሽጉጥ ተብሎ የተሠራ፣ የራሱ ኪስ ያለው ነበር። እናትየዋም ሽጉጥ ያላወቀች ሰው አልነበረችም። ቦርሳ ትከሻ ላይ ሲሆን የአንቺ ነው፤ ጋሪ ላይ ወይም ወንበር ላይ ስታስቀምጪው ግን የማንም ነው።

ሰናይት፦ አቤት አምላኬ!

ጋሽ ተስፋዬ፦ ስለዚህ ወገብ ላይ ነው። ጠንካራ ቀበቶ፣ ሱሪ ውስጥ የሚገባ ማህደር፣ ከላይ ሰፋ ያለ ሸሚዝ። ሽጉጥ ሰውነትሽ ላይ ወይም የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ይሁን፤ ሦስተኛ ቦታ አይኑረው። ትራስ ሥር አይሆንም፣ የመኪና መሳቢያ ውስጥም አይሆንም። ሣጥኑን ከሽጉጡ በፊት ግዢ። የምልሽ ለልጅሽ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር በጥይት ከሚሞቱት ከግማሽ የሚበልጡት ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። እኛ ቤት ስለዚህ አይወራም፤ ግን ስደት የከበደው፣ ሥራ ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ ወንድም እያንዳንዳችን ቤት ሶፋ ላይ አድሮ ያውቃል። እንግዳ ሲያድር የሣጥኑ ቁልፍ የት እንዳለ ማወቅ አለብሽ።

ዳዊት፦ ጋሼ፣ ሽጉጥ ሊያስገዟት ነው ወይስ ሊያስቀሯት?

ጋሽ ተስፋዬ፦ ገና ዋናውን መች ነካሁት። ሰናይት፣ ዜግነትሽ መጣ?

ሰናይት፦ አልመጣም። አመልክቻለሁ፤ አሁን ግሪን ካርድ ነው ያለኝ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ሽጉጥ መግዛት ይችላል፤ ቨርጂኒያም ደብቆ የመያዝ ፈቃድ ትሰጠዋለች። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን በአብዛኛው አይችልም፤ ዘመድ አዝማድ ሲጠይቅሽ ይህን ንገሪው። ስትገዢ ቅጽ 4473 የሚባል ወረቀት ትሞያለሽ፤ ጥያቄዎቹን በፊርማሽ ታረጋግጫለሽ። ከነሱ አንዱ በሕግ የተከለከለ አደንዛዥ ወይም አነቃቂ ዕፅ ትጠቀሚያለሽ ወይ ይላል። የኛ ሰው «እኔ ምን ዕፅ አውቃለሁ» ይልና አልፎ ይፈርማል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ ከከባዶቹ ዕፆች ተርታ የተመደበ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የሚቅም ሰው ያንን «አይ» ብሎ ከፈረመ ዋሽቷል፤ በዚህ ቅጽ ላይ መዋሸት ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው።

ዳዊት፦ እኔ... እኔ ለነገሩ አልገዛም።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ይሻልሃል። እንግዲህ ሰናይት፣ ፈቃዱን የምትጠይቂው ከምትኖሪበት አካባቢ ሰርኪዩት ኮርት ነው። ዕድሜሽ 21 ሞልቶ መሆን አለበት፣ እሱ ደህና። በአካል ተገኝተሽ ኮርስ መውሰድሽን የሚያሳይ ወረቀት ታያይዣለሽ፤ በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጠውን አይቀበሉም። ክፍያው ከ50 ዶላር አይበልጥም፣ ፈቃዱም 5 ዓመት ያገለግላል። ሕጎች ስለሚሻሻሉ ከመሄድሽ በፊት የፍርድ ቤቱን ጽሕፈት ቤት ጠይቂ። ይሄ ቀላሉ ነው። ከባዱ ድልድዩ ነው።

ሰናይት፦ የምን ድልድይ?

ጋሽ ተስፋዬ፦ ፖቶማክን የምትሻገሪበት። ዕቃ የምታመጪው ከየት ነው?

ሰናይት፦ ግማሹን ከዲሲ፣ ግማሹን ከሜሪላንድ። እሁድም የምሳለመው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው።

ጋሽ ተስፋዬ፦ እንግዲህ ስሚኝ። የቨርጂኒያ ፈቃድሽ ዲሲ ውስጥ አይሠራም። ሜሪላንድም አይቀበለውም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 የኒው ዮርክን ሕግ ከሻረ በኋላ፣ እንደ ሜሪላንድ ያሉት ግዛቶች «ሽጉጥ ለመያዝ ልዩ ምክንያት አምጣ» ማለታቸውን ተዉ። ሰዉ ይህን ሲሰማ በሩ ሁሉ የተከፈተ መሰለው። የተከፈተው ግን ለማመልከት ነው። ዲሲ የራሷን ፈቃድ ትጠይቃለች፣ ሜሪላንድም የራሷን፤ ሁለቱም 16 ሰዓት ያህል ሥልጠና ይፈልጋሉ። ያለ ዲሲ ፈቃድ እዚያ ሽጉጥ ይዞ መገኘት እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር ከባድ ወንጀል ነው። ፈቃድ ያለው ሰው እንኳ የዲሲ ባቡርና አውቶቡስ ውስጥ ይዞ መግባት አይችልም።

ሰናይት፦ ረስቼው ብሻገርስ? ወገቤ ላይ ሆኖ፣ ቸኩዬ?

ጋሽ ተስፋዬ፦ እዚህ ላይ ነው አንቺና አሜሪካዊው ጎረቤትሽ የምትለያዩት። እሱ ረስቶ ቢሻገርና ቢያዝ ጠበቃ ይቀጥራል፣ ይቀጣል፣ ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ ማታ ግን ወደ አገሩ ነው የሚመለሰው። አንቺ ገና ዜጋ አይደለሽም። የኢሚግሬሽን ሕጉ የጦር መሣሪያን ያለ አግባብ በመያዝ ጥፋተኛ መባልን ዜጋ ያልሆነን ሰው ከአገር የሚያስባርር ምክንያት አድርጎ በስም ጠቅሶታል። 20 ዓመት ብትኖሪ፣ ቤት ብትገዢ፣ ልጅሽ እዚህ ቢወለድ ያው ነው። ጠበቃሽ ቅጣቱን በትንሽ ገንዘብ ቢያስጨርስልሽ እንኳ፣ «ጥፋተኛ ነኝ» ማለትሽ ራሱ ሌላ ቦታ ይጠብቅሻል። የዜግነት ማመልከቻሽንማ ተይው።

ዳዊት፦ ይሄን ማንም ቪዲዮ ላይ አይናገረውም።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ቪዲዮውን የሚሠሩት እዚሁ የተወለዱ ሰዎች ናቸው፤ ጥፋታቸው አይደለም። ለነሱ የሽጉጥ ምርጫ የሚጀምረው ከክብደትና ከጥይት ነው። ለኛ የሚጀምረው ከወረቀቱ ነው። እኔ ለተማሪዎቼ ሽጉጥ ከማስጨበጤ በፊት የመኖሪያ ወረቀታቸውንና በሳምንት ውስጥ የሚሄዱበትን ቦታ ሁሉ አስዘረዝራቸዋለሁ። አንዳንዱ ይቆጣል። ከዝርዝሩ ግማሹ የተከለከለ ቦታ ሆኖ ሲገኝ ግን ሽጉጡ ምን ያህል ቀን ከሱ ጋር እንደሚውል ራሱ ያየዋል።

ሰናይት፦ የኔን እንዘርዝረው እስቲ። ልጄን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ከመኪና ወርደሽ ይዘሽ ከገባሽ ክልክል ነው።

ሰናይት፦ ሰው ለመቀበል ደለስ ኤርፖርት እሄዳለሁ፣ አንዳንዴም ሬገን።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ኤርፖርቱ ሕንፃ ውስጥ ክልክል ነው።

ሰናይት፦ ማኅበር ሲኖር፣ ልደት ሲኖር ሐበሻ ምግብ ቤት እንሄዳለን።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ደብቀሽ ይዘሽ መግባት ትችያለሽ፤ ግን አንድ ጠርሙስ ቢራ ከነካሽ ሕግ ጣስሽ። ሰው «ጠጪ እንጂ» ሲልሽ ምክንያት መፍጠር አለብሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ ያለ ቤተ ክርስቲያን ብትሄጂም አምልኮ እየተካሄደ ያለ በቂ ምክንያት መሣሪያ ይዞ መግባት በሕግ ያስጠይቃል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ነጠላ ለብሰሽ፣ ከሥሩ ሽጉጥ አድርገሽ መስገድ... እሱን ለንስሐ አባትሽ ተይው።

ዳዊት፦ እንግዲህ የቀረው ከሱቅ እስከ ቤት ነው።

ሰናይት፦ እኔም የምፈራው እሱን ነው። የቀኑን ገንዘብ ይዤ፣ መኪና እስክገባ ያለውን። ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ይኸውልሽ፣ አሁን ተግባባን። ግን ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበልሽ። ሰው መጥቶ «አምጪ» ካለሽ ስጪው። ንብረት ለማዳን ብቻ ሰው መግደልን ሕጉ አይፈቅድልሽም። ሽጉጥ የሚወጣው ሕይወትሽ ላይ ሲመጡብሽ፣ ሌላ መውጫ ሲጠፋ ነው። ለማስፈራራት ብለሽ ብታወጪው ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ «አሳየሁት እንጂ አልተኮስኩም» አያድንሽም። አገር ቤት ሽጉጥ ወገብ ላይ ብቅ ብሎ መታየቱ ለባለቤቱ ክብር ይመስላል። እዚህ ካየብሽ ፖሊስ ይጠራብሻል።

ሰናይት፦ ገንዘቡን ባልይዘውስ? ባንክ የሚያስገባልኝ ሰው ቢኖር?

ጋሽ ተስፋዬ፦ እኔ ሽጉጥ አስተማሪ ነኝ፤ ግን ይህን ጥያቄ በመጠየቅሽ ደስ ብሎኛል። በቀን እንዲገባ ማድረግ ከቻልሽ፣ ከሽጉጡ የሚበልጥ ጥበቃ እሱ ነው። መኪናሽን ከበሩ አጠገብ አቁሚ፣ መብራቱን አስጠግኚው፣ ስትዘጊ ሁለት ሁኑ። ይህንን ሁሉ አድርገሽ አሁንም ፍርሃቱ ካልለቀቀሽ፣ ያኔ ሽጉጡ ትርጉም አለው።

ዳዊት፦ እሺ፣ ሁሉንም አደረገች እንበል። በመጨረሻ የትኛዋን ትግዛ? አንድ ስም ይጥሩልን ጋሼ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ ለሷ ከጠየቅኸኝ፣ ኤል ሲ ፒ አይደለችም። ባለ 9 ሚሊ ሜትር፣ ግማሽ ኪሎ አካባቢ የምትመዝን፣ ቢያንስ ሦስት ጣት የምትይዝ። ፒ 365 ወይም በሷ ልክ ያለች። ከዚያ በታች ከወረደች ትቀላለች፤ ግን እጇ ይከፍላል። ትልቋን ስትለምድ በኋላ ለበጋ ትንሽዋን መጨመር ከፈለገች ትጨምር፤ መጀመሪያ ትንሿን ገዝቶ መማር ግን የተገላቢጦሽ ነው። ደግሞ ከመግዛቷ በፊት በኪራይ ትሞክራቸው። ፌርፋክስ አካባቢ ሽጉጥ እያከራዩ የሚያስተኩሱ መለማመጃዎች አሉ፤ ሰናይት፣ በአንድ ቀን ሦስቱን አራቱን ታወዳድሪያለሽ። ጆሮሽንና ዓይንሽን ሸፍነሽ፣ ከእያንዳንዷ 50 ጥይት ተኩሺ። በ40ኛው ላይ እጅሽ ስንት እንደሚመታ ተመልከቺ፤ የመጀመሪያዎቹ አምስት ጥይቶች ማንንም ያሞኛሉ።

ሰናይት፦ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይውሰዱኝ።

ጋሽ ተስፋዬ፦ እወስድሻለሁ፤ ከዲሲ በዚህ ማዶ ካስቀደስሽ። ማመልከቻሽን ካስገባሽ በኋላ ፍርድ ቤቱ ፈቃዱን እስኪሰጥ እስከ 45 ቀን ጊዜ አለው። ያን ጊዜ ሁሉ በየሳምንቱ እየመጣሽ ተለማመጂ፤ ፈቃዱ ሲደርስሽ እጅሽም ደርሶ ይቆይሻል። ለልምምዱ ጊዜ የለኝም ካልሽ ግን ሽጉጡን አትግዢው። ሱቁን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ዝጊ።